ለስኳር ታማሚ ሲጋራ የሚያስቆም የስልክ ምክር፦ ባሕር ዳር ላይ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ ሰው እየደወለ ምክር የሚሰጠው የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥንካሬ መቼ መደወል እንዳለበት ማወቁ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ሲጋራው ከሚቆምበት ቀን በፊት ይደረጋል፤ ረጅሙም እሱ ነው። ከዚያ በማቆሚያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ቀን ይደወላል። አምሮቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ አቀጣጠሩ ልክ ነው። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለሚከታተል ሰው ደግሞ ምክሩ እቤቱ መድረሱ ትልቅ እፎይታ ነው።

አማካሪዎቹ «ጠዋት ከተነሱ በስንት ደቂቃ ያጨሳሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጠንቶበታል፤ የኒኮቲን ማስቲካ ከወሰደም የሚስማማው ባለ 4 ሚሊግራሙ ነው። ቡናንም አልረሱትም። ሲጋራ ሲቆም ካፌይን ከሰውነት እንደ ቀድሞው ቶሎ አይወጣም፤ ከአቦል እስከ በረካ የለመደ ሰው ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሲጋራ ማቆሙ ያሳመመው ይመስለዋል። ከአቦል በኋላ መነሳት ይሻላል።

ድክመቱ ስኳሩ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ማጨስ ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ሲጋራው ከቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ኢንሱሊኑ እየሠራ ሲመጣ፣ በድሮው መጠን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ብስጭት፣ ረሃብ፣ ላብ ሲመጣ ታማሚው የሲጋራ አምሮት ነው ብሎ ይቀመጣል። «ውሃ ይጠጡ፣ 5 ደቂቃ ይታገሱ፣ ያልፋል» የሚለው ምክር ለአምሮት ይሠራል፤ ስኳሩ ለወረደ ሰው ግን አደጋ ነው። መጀመሪያ ይለካ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ 3 ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። መለኪያ በእጅ ከሌለ ወርዷል ብሎ ስኳሩን መውሰድ ነው። አማካሪው ይህን ሳይጠየቅ መናገር ነበረበት።

አፍ የሚበላ ነገር ሲያምረው «ከረሜላ ያዙ» ማለታቸውም ለጤነኛ ሰው የተዘጋጀ ምክር ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ መጨመሩ የተለመደ ነው፤ ለስኳር ታማሚ ካሮት ወይም ስኳር የሌለው ማስቲካ ይበጃል።

እንዲህም ሆኖ ይደውሉ እንላለን። ከመደወልዎ በፊት የኢንሱሊኑን ዓይነትና መጠን፣ የሰሞኑንም የስኳር ልኬት ወረቀት ላይ ይጻፉ። የማቆሚያውን ቀን ለሚከታተልዎ ሐኪም አስቀድመው ይንገሩ፤ መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው፣ እርስዎም አማካሪውም አይደላችሁም።