የፎርድሰን ዴክስታ ቸርኬ ብርቱካናማ ቀለም፣ ከ8 ወር በኋላ

ፎርድሰን ዴክስታ የድሮ የእርሻ ትራክተር ነው። የቸርኬው ቀለም መርካቶ በናሙና የተበጠበጠ፣ ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) ለብቻው የሚመጣ ዓይነት ነው። ኅዳር ተቀባ፤ አሁን ሐምሌ ነው። ትራክተሩ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጣሪያ በሌለው ግቢ ስለሚቆም በጋውንም ክረምቱንም ቀምሷል።

ከመግዛት በፊት ሞዴሉን ማጣራት ግድ ነው። ዴክስታ አካሉ ሰማያዊ፣ ቸርኬው ብርቱካናማ ነው፤ ምርቱ በ1964 እ.ኤ.አ. ሊቆም ሲል የወጣው የመጨረሻው ሱፐር ዴክስታ (ኒው ፐርፎርማንስ የተባለው) ግን ቸርኬው ግራጫ ነው። ግራጫውን ብርቱካናማ የቀባ ሰው የቱንም ያህል ቢያሳምረው ተሳስቷል።

ለናሙና ፀሐይ የመታውን ፊት አትውሰዱ፤ ገርጥቷል። ቸርኬው ከሐቡ (ከሚታሰርበት የመሃል ብረት) ጋር የሚገጥምበትን ቦታ በሳሙና አጥባችሁ፣ በኮምፓውንድ (በቀለም መወልወያ ቅባት) ቀስ ብላችሁ ወልውሉ፤ እውነተኛው ቀለም እዚያ ተደብቋል። በቲነር ከነካችሁት ግን ናሙናው አብሮ ይሄዳል። የቀለም ቤቱ ማሽን የሚያነበው ጠፍጣፋ ቦታ ነው፤ ጎባጣ ላይ ከተደረገ ይሳሳታል። የተበጠበጠውን ቀለም ቁራጭ ላሜራ ላይ ነፍታችሁ፣ ሲደርቅ ደጅ አውጥታችሁ አስተያዩት። የሱቅ መብራት ያታልላል።

ብርቱካናማ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው። ግራጫ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ላይ በቀጥታ ከተነፋ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ስለዚህ መሃሉ ላይ ነጭ መደብ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ 1 ሊትር ቀለም ከ250 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ጋር አራቱንም ቸርኬ ሁለት እጅ አዳርሷል። የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነካችሁ ሥሩ። ሃርድነሩም ሳንባ ይጎዳል፤ ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም።

ከ8 ወር በኋላ ቀለሙ አልገረጣም፣ አልተላጠም። ዝገት የታየው በከመነዳሪው መንፊያ ቀዳዳ ዙሪያ ብቻ ነው፤ ውሃ የሚያቁረው እዚያ ስለሆነ ጠርዙ ሁለት እጅ አንቲረስት ይፈልጋል። ዳዶዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ቀለም ከወፈረ ደግሞ ይጨፈለቅና ዳዶው ይላላል። ቦታውን ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ትራክተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላም ዳዶውን እንደገና አጥብቁ። ጎማውን ለመግጠም አትቸኩሉ፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀለሙ እስኪጠነክር ቢያንስ 10 ቀን ስጡት። አለበለዚያ የጎማ ማውጫው ብረት ይልጠዋል።

ቅሬታ አንድ ነው፦ ከጥንቱ ሲንቴቲክ ቀለም ይበልጥ ያብረቀርቃል። ሲበጠበጥ ትንሽ የማደብዘዣ ፈሳሽ እንዲጨመርበት ብታስደርጉ ወደ ጥንቱ ይቀርባል። ለጥገና ያንኑ ቀለም ለማስበጥበጥ የቅመሙን ወረቀትም ከቀለም ቤቱ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ የተከፈተ ሃርድነር ግን ከአየር እርጥበት ስለሚበላሽ ያን ጊዜ ሌላ መግዛታችሁ አይቀርም።