የኢንሹራንስ ልምምድ በባሕር ዳር፦ ተማሪው የትኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ?

ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንሹራንስ ድርጅቶች ጋር በሚፈራረሙት ወረቀት ላይ ልምምድ ሁሉ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ተማሪው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሲታወቅ ነው። ወሩን ሙሉ የሦስተኛ ወገን ውል ሲያድስና ስቲከር ሲመዘግብ የሚከርም ከሆነ፣ ሥራው በሦስት ቀን የሚለመድ ነው። የቀረው ነጻ ጉልበት ነው።

ሙያው ያለው ካሳ ክፍል ነው። በአንድ የባጃጅ ፋይል ውስጥ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ፣ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የጋራዥ ፕሮፎርማ ይኖራል። መሟላታቸውን ማንም ያያል፤ መገጣጠማቸውን ማየት ነው ሥራው። የመንጃ ፈቃዱ ምድብ ባለ ሦስት እግር ይፈቅዳል? አደጋው የደረሰው ውሉ ሳያልቅ ነው? የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬውና የኢንሹራንስ ውሉ ላይ አንድ ነው? ባለንብረቱ ጉዳቱ ሳይታይ አስጠግኖ ከመጣ ደግሞ የትኛው ብልሽት ከአደጋው፣ የትኛው ከእርጅና እንደሆነ የሚለይ የለም፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይጀምራል።

ተመራቂን ለመፈተን አንድ ስሌት ይበቃል። 400,000 ብር የሚያወጣ ባጃጅ በ300,000 ብር ዋስትና ተገብቶለታል፤ ጉዳቱ 60,000 ብር ነው። ዋስትናው የዋጋውን ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሚሸፍን ካሳውም የጉዳቱ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 45,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ባለንብረቱ ከራሱ ኪስ እንዲሸፍን ውሉ ያስቀመጠው ድርሻ ይቀነሳል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከባዱ 15,000 ብር የጎደለበትን ባለ ባጃጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማስረዳት ነው፤ ኢንደምኒቲን (ከደረሰው ጉዳት በላይ ካሳ አለመክፈልን) እና ሰብሮጌሽንን (ካሳ የከፈለው ድርጅት ባለንብረቱን ተክቶ ጥፋተኛውን መጠየቁን) በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ እዚህ ላይ ምላሱ ይታሰራል። ይህን ክፍተት የሚሞላ የክፍል ፈተና የለም፣ ደንበኛ ፊት መቀመጥ ብቻ ነው።

በእሳት ዋስትና በኩል ከተማዋ ጥሩ ትምህርት ቤት መሆን ትችል ነበር። ጣና ዳር ያለ የሳር ክዳን ሎጅ ከቆርቆሮ መጋዘን ጋር በአንድ ታሪፍ አይገባም፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የማብሰያ ቤቱ ርቀት፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ የሚቀመጥበት ቦታ ይታያል። ችግሩ ከቅርንጫፉ ሥልጣን በላይ የሆነው ውል አዲስ አበባ ላይ ስለሚወሰን፣ አረቦኑ (ደንበኛው ለዋስትናው የሚከፍለው ዋጋ) ለምን ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ተማሪው ሳያይ መቅረቱ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የፍተሻ ሪፖርቱን ራሱ ያርቅቅ፣ ኃላፊው ያርመው፣ የዋና መሥሪያ ቤቱ መልስ ሲመጣ አጠገቡ አድርጎ ያንብበው።

ልምምዱ አሁን ባለበት ሁኔታ ከአምስት ሁለት ተኩል ይበቃዋል። ተማሪ ከመላኩ በፊት ትምህርት ቤቱ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ተማሪው ካሳ ክፍል ስንት ሳምንት ይቀመጣል፣ ሎግ ቡኩ (የልምምድ መዝገቡ) ላይ የሚፈርመውስ አብሮት የሠራው ባለሙያ ነው ወይስ ፊቱን አይቶት የማያውቅ የሰው ኃይል ክፍል?