ካርቦን የት ይቀበር? አሸዋ ድንጋይ፣ ጋዙ ያለቀ ጉድጓድ ወይስ ባዛልት

የጭስ ማውጫውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር በታች ማስቀመጥ ለሚፈልግ ፋብሪካ ሦስት ዓይነት ቦታ ይቀርብለታል፦ ጨዋማ ውሃ የሞላው አሸዋ ድንጋይ፣ የተፈጥሮ ጋዙ ተሟጦ የወጣለት ስፍራ፣ እና ባዛልት፣ ማለትም እኛ ጥቁር ድንጋይ የምንለው። ሻጩ መጀመሪያ የሚያወራው ስንት ሚሊዮን ቶን እንደሚይዝ ነው። ገዢው ግን የሚቀበረውን ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ አግዶ የሚያቆየው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጋዙ ከ800 ሜትር ግድም በታች ሲወርድ ታምቆ እንደ ፈሳሽ ስለሚከብድ ቦታ አይፈጅም። ያም ሆኖ ከጨዋማው ውሃ ይቀልላልና ወደ ላይ ይገፋል። የሚያስቆመው ከላይ የተነጠፈው ደቃቅ የሸክላ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳዎቹ እጅግ ጠባብ ከመሆናቸው የተነሳ በውስጣቸው ያለውን ውሃ ገፍቶ መግባት ያቅተዋል።

በኖርዌይ ባሕር በስላይፕነር የጋዝ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ጋዝ በዚህ መንገድ ተቀብሯል። በአሸዋ ድንጋዩ መካከል የተነጠፉት ስስ የሸክላ ንብርብሮች ጋዙን እያዘገዩ ወደ ጎን ቢበትኑትም ጨርሰው አላገዱትም፤ ያገደው ከሁሉም በላይ ያለው ወፍራሙ ክዳን ነው። ስለዚህ በሻጩ ሥዕል ላይ የንብርብሮቹን ብዛት ሳይሆን የላይኛውን ክዳን ውፍረትና ስፋት ይመልከቱ።

ከሁሉ ይልቅ ገዢን የሚያሳስተው ስብራት ነው፤ ንብርብሮቹ ተሰብረው፣ አንዱ ወገን ከሌላው የተንሸራተተበት መስመር። ሲንሸራተት ሸክላ ከተለሰነበት እንደ ግድግዳ ያግዳል፤ አሸዋን ከአሸዋ ጋር ካገጣጠመ ግን በር ሆነ ማለት ነው። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሊትል ግራንድ ዋሽ ስብራት ላይ ጋዝ ያዘለ ውሃ በጥንት ዘመን እየፈለቀ የኖራ ድንጋይ ክምር ትቶ አልፏል። ያገደ ስብራትም ቢሆን ሁሌ ደግ አይደለም። በሌላው የኖርዌይ የጋዝ ስፍራ በስኖቪት አሸዋ ድንጋዩ በስብራት የተከፋፈለ በመሆኑ ግፊቱ ከተገመተው በላይ ቶሎ ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ሌላ ንብርብር ለመዛወር ተገደዱ። በአልጄሪያ የጋዝ ስፍራ በኢን ሳላህ ደግሞ ግፊቱ በጥልቅ ያለ የስብራት ቀጣና ከፍቶ መሬቱ በሚሊ ሜትር ልክ ማበጡን ሳተላይት አሳየ፤ ወፍራሙ ክዳን ጋዙን ወደ ላይ ባያሳልፍም ሥራው በዚያው ዓመት ቆመ።

ጋዙ ያለቀ ስፍራ ክዳኑ ለሚሊዮን ዓመታት ጋዝ ይዞ የተፈተነ ነው። ድክመቱ ከድንጋዩ ይልቅ በሰው እጅ ሥራ ላይ ነው፦ በአሮጌ ጉድጓዶች ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ከተሰነጠቀ ቀጥተኛ መውጫ ይሆናል። ግፊቱ በወረደ ጉድጓድ ውስጥ ጋዙ በድንገት ሲላላ ስለሚቀዘቅዝ ቱቦውን በበረዶ ሊደፍን ይችላል።

ባዛልት ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። በአይስላንድ ካርብፊክስ የተባለው ፕሮጀክት ጋዙን በውሃ አሟሙቶ ያወርዳል፤ ጋዙ የሟሟበት ውሃ ከአካባቢው ውሃ ስለሚከብድ አይነሳም፣ ክዳንም የግድ አይሻም። ጋዙ ከባዛልቱ በሚለቀቀው ካልሲየምና ማግኒዥየም ራሱ ድንጋይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ሙከራ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ 95 በመቶውን ድንጋይ አድርጎታል፤ እንዲያውም የክትትል ጉድጓዱ ፓምፕ በካልሳይት፣ ማለትም በኖራ ማዕድን፣ ተደፍኖ ቆሟል። ችግሩ ውሃው ነው፦ ለ1 ቶን ጋዝ 25 ቶን ገደማ ይጠይቃል።

ለብዙ ቶን ወፍራም ክዳን ያለው፣ ስብራት ያልበዛበት አሸዋ ድንጋይ ይሻላል። የጉድጓዶቹ መዝገብ ከተሟላ ያለቀው የጋዝ ስፍራ ይቀድማል። ባዛልት ውሃ ለሞላበትና ጋዙ ላነሰበት ቦታ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ከመፈረምዎ በፊት የስብራቶቹን ካርታ፣ ክዳኑ የሚሰነጠቅበትን ግፊትና ጋዙ ወደ ታች የሚገፋበትን ከፍተኛ ግፊት በቁጥር ይጠይቁ፤ ሁለቱ ግፊቶች ከተጠጋጉ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይለፉት።