«በስንተኛው ቀን ነው የወጡት?» ብሎ ለጠየቀኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው በቤታቸው እንቁላል በማሽን ለሚፈለፍሉ፣ በተለይም ማሽኑን ከነሶኬቱ አውጥተው መወርወር ላማራቸው ሰዎች ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር 48 እንቁላል የሚይዝ መፈልፈያ ገዛሁ። ሻጩ «ይሰኩት፣ 21 ቀን ይጠብቁ፣ ጫጩት ያፍሱ» አለኝ። ሰካሁ፣ ጠበቅሁ፤ ያፈስሁት ግን አምስት ጫጩት ነው። ጥፋቱ የእንቁላሉ ነው ብዬ ከሌላ አርቢ ገዝቼ ደገምሁ፤ ሦስት። እናቴ በጤፍ ገለባ ላይ አንዲት የሐበሻ ዶሮ አስታቅፋ ከአሥራ አንድ እንቁላል ዘጠኝ ስታስፈለፍል እያየሁ ነው ያደግሁት። ከነማሽኔ ከአንዲት ዶሮ ማነሴ ከገንዘቡ በላይ አንገበገበኝ። ሻጩም መጀመሪያ «የመብራቱ ኃይል ነው» አለኝ፤ በኋላ ስልክ ማንሳቱን ተወው።

ኮተቤ አካባቢ ማቀዝቀዣና ምድጃ የሚጠግን አንድ ወጣት እንዳለ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ማክሰኞ እመጣለሁ ብሎ ሐሙስ መጣ። ይህን አልደብቅም፤ በቀጠሮው አትተማመኑ። ከገባ በኋላ ግን መፍቻ እንኳ ከቦርሳው ሳያወጣ «እናቴ፣ ጫጩቶቹ በስንተኛው ቀን ነው የወጡት?» አለኝ። አንዳንዶቹ በ19ኛው፣ ሌሎቹ በ23ኛው ቀን እንደወጡ ነገርሁት። «ቀድመው የወጡት እምብርታቸው በደንብ ተዘግቶ ነበር?» አልተዘጋም ነበር፤ እንዲያውም ደም ደም ያለው ነገር እንዳየሁ ትዝ አለኝ። «እንግዲያው ማሽንዎ በአንድ ወገን ይሞቃል፣ በሌላው ይበርዳል» አለ፣ ገና ክዳኑን ሳይከፍት።

ከደረት ኪሱ ያወጣው በብብት ሥር የሚደረገውን የመስታወት ቴርሞሜትር ነው። ለሰው ትኩሳት የተሠራ ስለሆነ የሚለካው ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ያለውን ብቻ ነው፤ እንቁላል የሚፈልገው 37.5 ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። እንቁላሎቹ በሚተኙበት ከፍታ አጋድሞ፣ በየመሐሉ እያራገፈ፣ አራቱንም ማዕዘን ለክቶ በእንቁላል ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈ። የማሽኑ ሰሌዳ 37.5 እያለ በማሞቂያው በኩል 39፣ በወዲያኛው ጥግ 36 ሆኖ ተገኘ። እኔም የሆነ ቦታ ያነበብሁትን ይዤ «የማሽኑን መለኪያ በፈላ ውኃ አንፈትነውም?» አልሁት። ሳቀብኝ። «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስምንት ይጎድለዋል ብለን ብናስተካክለው እንቁላሎቹ በብርድ ያልቃሉ።»

ጥፋተኛው ማራገቢያው ነበር። ይዞራል፣ ይጮኻል፣ አየሩን ግን አያዳርስም። ከአሮጌ ኮምፒውተር በነቀለው ማራገቢያ ተካው፤ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ጫፍም ወደ እንቁላሎቹ ከፍታ አወረደው። «መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፣ አዲስ ይግዙ» ቢለኝ ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ እገዛ ነበር። ከነዕቃው 700 ብር ከፈልሁት።

የእርጥበት መለኪያዬንም አልማረውም። በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው በጥቂት ውኃ ለውሶ ከመለኪያው ጋር በፌስታል ውስጥ ቋጠረና «ይደር፤ ትክክል ከሆነ 75 ማለት አለበት» አለኝ። የእኔ ጠዋት 83 አለ። ለካ 55 ነው እያልሁ ስደሰት የከረምሁት 47 ላይ ሆኜ ነው! የመጀመሪያዎቹን 18 ቀናት ከ50 እስከ 55፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ከ65 እስከ 70 በመቶ እንድይዝ ነገረኝ። የራሴንም ጥፋት አልሸሸገኝም። 48 እስኪሞላልኝ እንቁላሉን አሥራ አምስት ቀን አከማችቼ፣ በዚያ ላይ በሳሙና አጥቤው ነበር። ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል አቅሙ ይቀንሳል፤ ሲታጠብ ደግሞ ጀርም የሚከላከልለት ስስ ሽፋን ይለቃል። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ትንሽ ቁጣ አይቻለሁ፤ ይገባኝ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ በ16ኛው ቀን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት መብራት ጠፋ። በዚያ ሰዓት ደወልሁለት፤ አነሳ። «እንዳይከፍቱት። የአየር ቀዳዳዎቹን ብቻ ትተው ጋቢ ያልብሱት። በዚህ ዕድሜያቸው ራሳቸውም ሙቀት አላቸው፣ አይደንግጡ። ከቆየ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ያድርጉና ዳር ዳሩን ያስገቡ።» ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራቱ እስኪመጣ ሁለት ጊዜ መልሶ ደውሎ ጠይቆኛል። እኔ በጋቢ የተጠቀለለ ሣጥን አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ልጆቼ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ እግዚአብሔር ይወቅ።

በዚሁ ዙር በሰባተኛው ቀን እንቁላሎቹን በስልክ ባትሪ አብርቼ ሳያቸው ስድስቱ ጽንስ የሌላቸው ባዶ ስለነበሩ አውጥቻቸው ነበር። ከቀሩት 42 ውስጥ 34 ጫጩት ወጣ፤ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም በ21ኛው ቀን። አንዱ ቅርፊቱን በስቶ ሲዘገይብኝ ልረዳው ስል በስልክ የከለከለኝም እሱ ነው፤ «አስኳሉን ወደ ሆዱ እየሳበ ነው፣ ተዉት» ብሎ። ያልተፈለፈሉትን ስምንት እንዳልጥል ለምኖኝ ስለነበር በማግሥቱ መጥቶ ግቢው ጥግ አንድ በአንድ ሰበራቸው፤ በስንተኛው ቀን እንደሞቱ ለማየት ነው። ሽታው ይቅርብኝ። ለዚህ ምንም አላስከፈለኝም።

እንቁላል አይሸጥም፣ የፈንግል ክትባትም አይሰጥም፤ ለእሱ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂዱ። ብቻውን ስለሚሠራ ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዲለጠፍ አልፈለገም፤ ማሽኑ ያስቸገረው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እልክለታለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ጫጩቶቻችሁ በስንተኛው ቀን እንደወጡ ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።