ለውሻ ካካ የቀበርኩት ባልዲ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ዓመት ሞላው

ሁለት ውሻ ነው ያለን፣ ጊቢያችን ደሞ ጠባብ ነው፣ ስለዚ የካካው ነገር ሁሌ ጭቅጭቅ ነበር። ድሮ በፌስታል እያሰርን ነበር የምናወጣው፣ በ2017 ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ሲጸድቅ ከአዲስ አበባ "አፈር ውስጥ ይበሰብሳል" የተባለ ከረጢት አስመጣሁ፣ ውድ ነው ግን ይሁን አልኩ። ከነካካው ቀብሬ ከአራት ወር በኋላ ስቆፍረው ላዩ ላይ ያለው ጽሁፍ እንኳን አልደበዘዘም፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት! በጣም ነው ያናደደኝ።

ከዛ ገበያው አጠገብ ባልዲና በርሜል የሚሸጥ ልጅ ጋ ሄጄ 20 ሊትር ክዳን ያለው ባልዲ ቂጡን አስቆርጬ ጎኑን በጋለ ብረት አስበሳሁት፣ ከነስራው 600 ብር። ጉድጓድ ቆፍረህ ስሩ ጠጠር ታደርጋለህ፣ ባልዲውን እስከ ክዳኑ ትቀብራለህ፣ በየቀኑ የለቀምከውን ትከታለህ፣ በሳምንት አንዴ ለሴፕቲክ ታንክ (ለሽንት ቤት ጉድጓድ) የሚሸጠውን፣ ካካ የሚያበሰብሰውን የባክቴሪያ ዱቄት ከውሃ ጋ ትጨምራለህ፣ አለቀ። በረኪና ግን እንዳይነካው፣ ባክቴሪያውን ይገለዋል። ሽታ የለውም፣ ዝንብም ጠፋ፣ በጋውን ሙሉ አልሞላም።

እማዬ "አንተ ልጅ፣ ከላሞቹ እበት ጋ ቀላቅለው፣ ለጎመኑ ይሆናል" ስትለኝ ነበር። እማዬ አይሆንም! ላም ሳር በል ናት፣ እበቷ ኩበትም ፍግም ይሆናል። እኛ ግን ለበዓል በግ ስናርድ ውሃ የቋጠረውን ሳንባና ጉበት ለውሻ እንወረውራለን፣ ውሃው ውስጥ ያለው የትል እጭ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በካካው ይወጣል፣ በእጅ ወይ በጎመን ሰው ሆድ ከገባ ያው ውሃ የቋጠረው ነገር ሰው ጉበት ላይ ይበቅላል፣ ኦፕራሲዮን ድረስ ሊያደርስ ይችላል። ባልዲው እንቁላሉን አይገድልም፣ መሬት ስር ያስቀረዋል እንጂ፣ ስለዚ ከጓሮ አትክልትና ከጉድጓድ ውሃ አርቁት፣ እኔ ታች ባህር ዛፉ ጋ ነው የቀበርኩት። ሳንባውንም አሁን እንቀብረዋለን፣ ውሾቹ ደሞ የትል መድሃኒት ከእንስሳት ሀኪም ይወስዳሉ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ድመት ካለ የድመቱን ካካ ሌላ ሰው ያንሳ።

ችግሩ አፈራችን ነው። ዋልካ ውሃ አያሰርግም፣ ነሐሴ ላይ ክዳኑን ስከፍት ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል፣ ሁለት ሳምንት ምንም መጨመር አልቻልኩም። ህዳርና ታህሳስ ደሞ ውርጩ ሲመጣ ባክቴሪያው ይዳከማል፣ ካካው ቶሎ አይበሰብስም፣ ያኔ ዱቄት ማባከን ነው።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጠጠሩን ክንድ ሙሉ አድርጌ ልቀብር ነው። የምታሰሩ ካላችሁ ቀዳዳው አውራ ጣት የሚያህል ይሁን በሉት፣ የኔ ጠባብ ስለነበር በጭቃ ተደፍኖ አውጥቼ እንደገና ነው ያስበሳሁት።