ኩፖናችሁን ለካሸር ከማስረከባችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ኩፖን የምትቆርጡ ሀበሾች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በየሳምንቱ የቅናሽ ወረቀት በር ላይ ይጥላል፣ መደርደሪያውን በቢጫ ዋጋ ይሞላል፣ «ቆጥቡ» እያለ ይጠራችኋል። መቆጠብ ስትጀምሩ ፊቱን ያጠቁርባችኋል።

ጋራዥ ሙሉ ሳሙና እንደሚያከማቹት የቴሌቪዥን ሴቶች አይደለሁም። ልብስ የሚያቆሽሹ ልጆች አሉኝ፣ በቃ። ፈሳሽ የልብስ ሳሙና አንዱ ጠርሙስ በቅናሽ 5.99 ዶላር ነበር። እኔ ደግሞ ከእሁድ ጋዜጣ፣ ጎረቤቶቼ የሚጥሉትንም ጨምሬ፣ አራት ኩፖን ቆርጫለሁ። የአምራቹ ኩፖን ነው፣ ማለትም ሱቁ ሳይሆን ሳሙናውን የሚሠራው ኩባንያ ያወጣው የቅናሽ ወረቀት፤ እያንዳንዱ 2 ዶላር ይቀንሳል። በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ለአንድ ዕቃ አንድ ኩፖን፣ በአንድ ግብይት እስከ 4 ተመሳሳይ ኩፖን። አራት ጠርሙስ፣ አራት ኩፖን። ከ23.96 ላይ 8 ዶላር ይነሳል። የሕፃን ሒሳብ ነው።

ካሸሯ ሀበሻ ነበረች። ሳያት ደስ አለኝ። «እንዴት ነሽ እህቴ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» አለችኝ። ኩፖኖቹን አሳይቼ «አራቱንም ይቀበላል?» ብዬ ጠየቅኳት። «አዎ፣ ምንም ችግር የለውም» አለች፣ በጠራ አማርኛ። የመጀመሪያውን ስካን አደረገችው፤ 2 ዶላር ሲወርድ አየሁ። ከዚያ አራቱንም ደርባ በገንዘብ ሳጥኑ ፊት ባለችው ቀጭን ቀዳዳ ሰደደቻቸው። «ካርድሽን አስገቢ፣ ይቀንስልሻል» አለችኝ። አስገባሁ።

ደረሰኙ ሲወጣ ከነታክሱ 23.40 ይላል። የተቀነሰው አንድ ኩፖን ብቻ ነው።

«ሦስቱስ?» አልኳት። መልስ የለም። መብራቷን አብርታ ማናጀሩን ጠራች። ሰውየው መጣ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ በእንግሊዝኛ ቀደመችኝ፦ «አይ ቶልድ ኸር ኦንሊ ዋን።» አንድ ብቻ ነው ያልኳት ማለቷ ነው።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እጇ የቀጣዩን ሰው ሙዝ ሚዛን ላይ እያስቀመጠ ነበር። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ማናጀሩ አማርኛ አይሰማም። ምን ብላኝ እንደነበር በምን ላስረዳው? ያለችኝ ምስክር እሷው ራሷ ናት!

ማናጀሩ ደረሰኙን በሁለት ጣቱ ያዘና ገረፍ አድርጎ አየው። «ፖሊሲያችን አንድ ነው» አለ። ስልኬን አውጥቼ የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፈትኩለት፤ ተመሳሳይ ኩፖን እስከ አራት ይላል። ስልኩን አላየም። ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አየና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማአም፣ ይሄ ሁሉ ለ6 ዶላር ነው?» አለኝ። ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። «እሺ፣ ሦስቱን ኩፖኖቼን መልስልኝ» ስለው «ሳጥኑ ፈረቃው ሳያልቅ አይከፈትም» ብሎኝ ሄደ።

የሚያበግነኝ የ6 ዶላሩ ጉዳይ አይደለም ብል ደስ ይለኝ ነበር። እሱም ያበግነኛል። ግን ይቺን ስሙ። ሱቆች በአምራች ኩፖን ከኪሳቸው አምስት ሳንቲም አይከፍሉም። ኩፖኑን ሰብስበው ይልካሉ፣ አምራቹ የተጻፈበትን ዋጋ ይመልስላቸዋል። በላዩ ላይ ለድካማቸው ብዙውን ጊዜ 8 ሳንቲም ይጨምርላቸዋል፤ ኩፖኑ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሜሪላንድ እንኳ ይህን ታውቃለች። 6 በመቶ ታክሱ የታሰበብኝ በሙሉው 23.96 ላይ ነው፤ 1.44 ዶላር። በአምራች ኩፖን የተቀነሰውን ሱቁ ከአምራቹ ስለሚያገኘው፣ ለግዛቷ ዋጋው አልቀነሰም።

ታዲያ ሳጥን ውስጥ የቀሩት ሦስቱ ኩፖኖቼ የት ይሄዳሉ? ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልለው ከተላኩ ለሱቁ 6 ዶላር ከ24 ሳንቲም ያመጣሉ። ከእኔም 6 ዶላር፣ ከአምራቹም 6 ዶላር። ከዚያ ለማኟ እኔ ሆኜ እታያለሁ።

የደንበኞች አገልግሎት ሄድኩ። «ዕቃውን መልሺና ገንዘብሽን ውሰጂ» አለችኝ ያለችው ሴትዮ። ኩፖኖቼስ? ትከሻዋን ሰበቀች። ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። «ኩፖን መቀበል አለመቀበል የማናጀሩ ውሳኔ ነው» አሉኝ። ድረ ገጹ ላይ የጻፉትስ ለጌጥ ነው?

ለአምራቹም ደውያለሁ፤ ስልኩ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ አለ። የተቀነሰው አንድ፣ የተወሰደው አራት እንደሆነ ነግሬ የደረሰኙን ፎቶ ልኬያለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ኩፖኑን በእጃችሁ ይዛችሁ አንድ በአንድ አስቆጥሩ። ካርድ የምታስገቡት ስክሪኑ ላይ ሁሉም መቀነሱን ስታዩ ነው። ሀበሻ ናት ብላችሁ አትዘናጉ። ሴልፍ ቼክአውትም (ያለ ካሸር ራሳችሁ የምትከፍሉበት ማሽን) ላይ ያው ነው፤ ዋጋው ሳይወርድ ኩፖኑን ቀዳዳው ውስጥ እንዳትከቱት።