«ረጅም ሻንሲ» የተባለች ሱዙኪ ልትገዙ ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

አሮጌዋን ትንሽ ሱዙኪ፣ ኤስጄ 410ን፣ «የፋብሪካ ረጅም ሻንሲ ናት» ተብላችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሻንሲ ማለት የመኪናው አካል የሚያርፍበት የብረት አጽም ነው። እኔ ከስምንት ወር በፊት አንዷን ገዝቼ ነበር። አሁን ግቢዬ ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ዶሮዎቹ ከሥሯ ያድራሉ።

ሦስት ልጆች አሉን። አጭሯ ኤስጄ ከኋላ ሁለት ሰው በጭንቅ ነው የምትይዘው፤ ዕቃ ከተጫነባት ደግሞ አንዱ ልጅ ቤት መቅረቱ ነው። ስለዚህ ደላላው ደውሎ «ረጅሟን አግኝቼልሃለሁ፣ እንደ ልብ ታስቀምጣለች» ሲለኝ ሳላቅማማ ሄድኩ። ዋጋዋ ከአጭሯ በ180,000 ብር ይበልጣል። ለሰላሳ ምናምን ሳንቲሜትር ውድ ነው፤ ቢሆንም ለቤተሰብ ነው ብዬ ተዋጠልኝ።

መካኒክ ይዤ ነው የሄድኩት፤ በዚህ እንኳን አልታማም። ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ ዘይቱን አየ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከረ። ሁሉም ልክ ነው። ቁጥሩ ለምን ልክ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው፤ የተመታው ከፊት ባለው የሻንሲ ክፍል ላይ ሲሆን አጭሯ መኪና እንድትረዝም የተቆረጠችው ከወገቧ ነበር። ከሥሯ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አዲስ ሬንጅ ተቀብታለች። ሻጩ «ለዝገት ብዬ ነው» አለኝ። እኔም ጠንቃቃ ባለቤት ገጠመኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ስታልፍ ከመቀመጫዬ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጎማ ባላንስ አስደረግኩ፤ ለውጥ የለም። በሁለተኛው ወር ከኋላዬ ይነዳ የነበረ ጓደኛዬ ደውሎ «መኪናህ እንደሚሮጥ ውሻ ወገቧን ወደ ጎን ጥላ ነው የምትሄደው» አለኝ። ሳቅሁ። ሊያስቀኝ የሚገባ ነገር አልነበረም።

አንድ እሁድ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ከሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚወስደው ዘንግ ተበጥሶ አንዱ ጫፉ አስፋልቱ ላይ ተጥሏል። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ወደ ኋላ መንሸራተቷን ቀጠለች። በዚህች አሮጌ ሞዴል የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ሳይሆን ያንኑ ዘንግ፣ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን ከሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። ዘንጉ ከተበጠሰ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዛቸው የለም። ባለቤቴ ወርዳ ድንጋይ ፈልጋ ታኮ እስክታደርግልን ድረስ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሳሁም። ልጆቹ ከኋላ ዝም ብለው ነበር፤ የእኔ ልጆች ዝም ሲሉ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። የተንጠለጠለውን ዘንግ በገመድ አስረን፣ የፊት ጎማዎቹን ኃይል እንዲቀበሉ በመቆለፊያቸው ከዘንጋቸው ጋር አያይዘን፣ አራት በአራቱን አስገብተን በፊት ጎማ ብቻ ቀስ እያልን ወረድን።

በማግስቱ ጋራዥ ከፍ ተደርጋ ተሰቀለች። መካኒኩ ሬንጁን በካቻቢቴ ፋቀው፤ ከሬንጁ ሥር ስቱኮ ወጣ። ሻንሲ ላይ ስቱኮ! እሱን በሽቦ ብሩሽ ሲያነሣው የብየዳው መስመር ታየ፤ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ በግራም በቀኝም ባለው ሐዲድ (ሻንሲውን በቁመቱ በሚይዘው ዋና ብረት) በአንድ ትክክል ቦታ ላይ። ብየዳው እንዲያምር ከላይ ተሞርዷል፤ ስለዚህ ብረቱን አያይዞ የነበረው ያ ስስ ቅሪት ብቻ ነው። በግራ በኩል ከታችኛው ጠርዝ የጀመረ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበረ። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ያዘኝ።

ሻንሲ ማስረዘም በራሱ ወንጀል ነው እያልኩ አይደለም፤ የሚችሉበት ሰዎች አሉ። የሚችልበት ሰው ግን ሁለቱን ሐዲድ በአንድ መስመር አይቆርጥም፤ ቁርጡን ያዘነብለዋል ወይም ያፈራርቀዋል፣ ከውስጥ እንደ እጅጌ የሚገባ ብረት ያስገባለታል፣ ከውጭ ጫፉ የሾለ ሳህን ይደርብበታል። የመኪናው ሸክም በጣም የሚያጎብጠው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ወገቡን ነውና። በእኔዋ ይህ ሁሉ የለም። የተበጠሰው ዘንግም መካከሉ ላይ የተጨመረለት የውሃ ቧንቧ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት የክሮቸራ (ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መገጣጠሚያ) ሹካዎች እንኳን አቅጣጫቸው አልገጠመም። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ከዚህ ነበር። የኋላው የፍሬን ቱቦ በሁለት ቦታ ተቀጥሏል፤ ስለ እሱ ባላስብ ይሻለኛል።

እንግዲህ ወደ ሜትሩ። ሱዙኪ ይህችን መኪና እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሲሠራ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት በአጭሯ 2,030፣ በረጅሟ 2,375 ሚሊሜትር ነው። ሌላ የለም። የእኔዋ በግራ 2,310፣ በቀኝ 2,298 ሆነች። ፋብሪካው የማያውቀው ቁጥር ነው፤ ያውም ግራና ቀኙ በ12 ሚሊሜትር የሚለያይ። ጎኗን ጥላ የምትሄደው ለዚህ ነበር። ከመግዛቴ በፊት መሪውን ቀጥ አድርጌ ሁለት ጊዜ ብለካ ኖሮ ሦስት ደቂቃ አይወስድብኝም ነበር።

የሱዙኪን ጂምኒ የምትፈልጉም ብትሆኑ ልኩን ያዙ፤ ባለ ሦስት በሯ 2,250፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በሕንድ የቀረበችው ባለ አምስት በሯ 2,590 ናት። ፋብሪካው ራሱ እነዚያን 340 ሚሊሜትር ሲጨምር መኪናዋ የምትዞርበት ራዲየስ ከ4.9 ወደ 5.7 ሜትር አድጓል፤ ጉብታ ስታልፍም ሆዷ ቶሎ ይነካል። «ረዘመች እንጂ ምንም አልተለወጠችም» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት።

ሻጩን ደወልኩለት። ውሉ ላይ «አይቼና መርምሬ ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ብዬ መፈረሜን በትሕትና አስታወሰኝ። ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን ከተቀበለ ወዲህ ስልኩን አያነሣም። ያቺን ዐረፍተ ነገር ከማስገባታችሁ በፊት «ሻንሲዋ ያልተቆረጠ፣ ያልተበየደ፣ የፋብሪካ ርዝመቷን የጠበቀች» የሚል አንድ መስመር አስጽፉ። ሻጩ ይህን አልፈርምም ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም «ረጅም» የተባለች ሌላ ሱዙኪ አግኝቶ አብረን ሄድን። ሜትሩን ስዘረጋ ደላላው «ምነው ጋሼ፣ ልብስ ልትሰፉላት ነው?» ብሎ ቀለደ። በግራ 2,340፣ በቀኝ 2,352። ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ሻይ ልንጠጣ ሄድን።